የንባብ ዕቅዳችንን በየደብተራችን እንያዝ

ይህ ንግግር እሑድ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በተደረገው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተነበበ ነው። በዕለቱ ያልተገኙ ነዋሪዎች እንዲያነቡት በሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ በተወሰነው መሠረት ቀርቧል።



ስለ ጥበቃ ክፍያ የተጀመረው ክርክር ገና እንዳላለቀ እናውቃለን፤ እርሱ ከሻይ በኋላ ይቀጥላል። አሁን የተሰጠን ጊዜ ስለ ንባብ ዕቅዱ እንድንናገር ነው። ቀኑም ተገጣጥሞልናል። ነገ ጳጉሜን 3 ቀን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ቀን ነው። ዩኔስኮ ይህ ቀን እንዲከበር የወሰነው በ1966 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከተከታዩ ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ሴፕቴምበር 8 ቀን ሲከበር ቆይቷል። ለእኛ ጳጉሜን ላይ መዋሉ ደግ ነው። ጳጉሜን የዓመቱ ሂሳብ የሚወራረድባት ወር ናትና፣ እኛም ያለብንን ዕዳ ሳንደብቅ እናወራርድ።

እንደምታስታውሱት መስከረም 2017 ዓ.ም. ላይ «የንባብ ዓመት» ብለን አንድ ሥራ ጀምረን ነበር። ትልቅ ካርቶን ገዝተን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፍን። በግራ በኩል ስም፣ ከስሙ ቀጥሎ በዓመቱ ለማንበብ ቃል የተገባው የመጽሐፍ ብዛት፣ ከዚያ ወዲህ ለአሥራ ሦስቱ ወራት አሥራ ሦስት ሣጥኖች። አንድ መጽሐፍ የጨረሰ ሰው መጥቶ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ጭረት ይጭራል። 41 ሰዎች ተመዘገቡ። የዚያን ዕለት የነበረው ጭብጨባ ትዝ ይለናል። ጥር ላይ ጭረት የሚጭሩት ዘጠኝ ብቻ ቀርተው ነበር። በሚያዝያ ካርቶኑን ዝናብ መታውና ቀለሙ ወረደ፤ አዲስ ይሠራልን ያለ ሰው አልነበረም። እውነቱን እንናገር ከተባለ እኛንም ቀለል ብሎን ነበር።

በሰኔ ለጠቅላላ ስብሰባው ሪፖርት ስናዘጋጅ ጥፋቱን በነዋሪው ላይ ልንጥል ምንም አልቀረንም። «ኅብረተሰባችን የንባብ ባህል የለውም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ጽፈነው ነበር። ይህ ዓረፍተ ነገር በየስብሰባው ስለሚነገር ለመጻፍ ብዙ አያደክምም። ከመካከላችን አንዷ ግን «ማንን ጠይቃችሁ ነው?» ብላ ያዘችን። መልስ አልነበረንም። ስለዚህ ቤት ለቤት ዞርን፤ ቡናም ጠጣን። ያገኘነው ሌላ ነገር ነው።

ከታችኛው መንገድ አንዲት እናታችን አሉ። ስማቸውን አንጠራም፤ እዚህ ከመካከላችን ተቀምጠዋል፣ እንድንናገርም ፈቅደውልናል። ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ለማያውቁ ወጣቶች ለመንገር ያህል፣ ዘመቻው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረ፣ ኋላም በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ትምህርት የተሰጠበት፣ በ1980 እ.ኤ.አ. ከዩኔስኮ ሽልማት ያስገኘ ነው። ብዙ ሰው ፊደል ለየ። ከዚያ በኋላ የሚያነበው ነገር ያጣው ግን መልሶ ረሳው። እናታችንን ከዚህ ያተረፏቸው የልጆቻቸው የትምህርት ቤት መጻሕፍት ናቸው። አሁን ልጆቹ አድገው ወጥተዋል።

እኒህ እናት አምና ሲመዘገቡ «አንድ» አሉ። አንድ ተብሎ ተጻፈ። በካርቶኑ ላይ ከበላያቸው 50 ያለ ወጣት፣ ከሥራቸው 30 ያሉ መምህር ነበሩ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይመስለናል፣ ከሰሌዳው ፊት ከቆሙት አንዱ «አንድ? አንድ ደግሞ ዕቅድ ነው?» ብሎ ሳቀ። እርሳቸው ዳቦ ገዝተው ሲመለሱ ከኋላው ቆመው ነበር። በማግሥቱ ማታ ወደ ጽሕፈት ቤቱ መጥተው «ልጆቼ፣ ስሜን አጥፉልኝ» አሉን። እኛም «እሺ እማማ» ብለን ነጭ ወረቀት ለጠፍንበት። ለምን ብለን አልጠየቅንም። ያን ዕለት ያስቸኮለን ነገር ምን እንደ ነበረ እንኳ አሁን አናስታውሰውም።

በሰኔ ቤታቸው ስንገባ ግድግዳው ላይ ያለፈበት ካላንደር በጀርባው ተገልብጦ ተሰቅሏል። በእርሳስ የተጫሩ ጭረቶች ሞልተውበታል፤ አንዳንዱ ቦታ ክብ፣ አንዳንዱ ቦታ መስቀል አለ። ምንድን ነው አልናቸው። ጭረቱ ያነበቡበት ማታ ነው። ክቡ መብራት የጠፋበት፣ መስቀሉ ባለቤታቸው የታመሙበት። ከመስከረም እስከ ግንቦት የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ከእራት በኋላ በየማታው ሁለትም ሦስትም ገጽ፣ ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ፣ ዓይናቸው ለደከመው ባለቤታቸው ጮክ ብለው አንብበው ጨርሰዋል። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የወጣ፣ እንደምታውቁት ወፍራም ነው፤ ከእኛም መካከል ጀምረነው የተውነው አንድ ሁለት አይደለንም። በጉዱ ካሣ ነገር ባልና ሚስት ሁለት ማታ ተከራክረዋል። አባታችን «እውነቱን ነው የተናገረው» ይላሉ፤ እርሳቸው ደግሞ «እውነት ቢሆንስ፣ ሰው ያሰበውን ሁሉ እንዲህ ይናገራል?» ባይ ናቸው። ክርክሩ እኛ ፊት ቀጥሎ ቡናው ቀዘቀዘ።

እንግዲህ ይታያችሁ። በዚህ ሰፈር ዕቅድ አውጥቶ፣ ዕለት ዕለት መዝግቦ፣ ያወጣውንም የፈጸመ ሰው ቢኖር እርሳቸው ናቸው። በእኛ ካርቶን ላይ ግን ስማቸው በነጭ ወረቀት ተሸፍኗል። ጥፋቱ የእኛ መሆኑን በቃለ ጉባኤ አስገብተነዋል፤ ዛሬም በእናንተ ፊት ይቅርታ እንጠይቃቸዋለን።

50 ያለውንም ወጣት አነጋግረነዋል። እስከ ጥር 22 ጭረት ነበረው። ደግ ልጅ ነው፣ ምንም አልደበቀንም። «መጀመሪያ የምወደውን ነበር የማነበው። ቁጥሩ ወደ ኋላ ሲቀርብኝ ቀጫጭኑን መምረጥ ጀመርሁ። በኋላማ መግቢያውንና መጨረሻውን አይቼ እጭር ነበር» አለን። ከሃያ ሁለቱ የስንቱን ነገር ታስታውሳለህ ብለን ጠየቅነው። ጥቂት አሰበና ስድስት ቆጠረ። ከጥር ወዲህ መጽሐፍ አልከፈተም። እሱን የሚወቅስ ካለ አስቀድሞ እኛን ይውቀስ፤ ካርቶናችን «ስንት?» እንጂ «ምን አገኘህበት?» ብሎ አይጠይቅም ነበርና።

ሦስተኛው ከእኛው ቤት ነው። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው፣ ማለትም አሁን ይህን የሚያነብላችሁ፣ ትምህርቱ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ንባቡም ቀስ ያለ ነው። አምና 24 ብሎ ተመዘገበ፣ በወር ሁለት መሆኑ ነው። ለማኅበር ጸሐፊ ከዚያ ማነስ ነውር መስሎት። ያነበበው አራት ነው። በሰኔ ቁጭ ብለን ሂሳቡን ሠራነው። አንዱ መጽሐፍ 250 ገጽ ቢሆን 24ቱ 6,000 ገጽ ይሆናል። ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን ከ16 ገጽ በላይ ነው። ጸሐፊው በሰዓት ሲለካ አንድ ገጽ በአራት ደቂቃ ነው የሚያነበው። 16 በ4 ሲባዛ 64። እንግዲህ በየቀኑ፣ ሰንበትና በዓል ሳይቀር፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ማለት ነው። ይህ ሰዓት ከየት ይመጣል ብሎ አምና የጠየቀ አልነበረም። ለቦዩ ሥራ ሲሚንቶ ስንገዛ እንኳ ስንት ኩንታል ይበቃል ብለን አስበን ነው የምንገዛው።

ይኸው ሰው በቀን ሩብ ሰዓት ቢመድብ አራት ገጽ ገደማ ያነባል። አራት በ365 ሲባዛ 1,460 ገጽ ነው። 250 ገጽ ካላቸው መጻሕፍት አምስቱ ያልቃሉ፣ ስድስተኛውም ለማለቅ ጥቂት ይቀረዋል። በሃያ አራቱ ዕቅድ ካነበበው ይበልጣል፤ ያውም ሳይሸማቀቅ።

«ዕቅድ ይዞ ማንበብ የፈረንጅ ነገር ነው» ያሉን አሉ። አይደለም። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ የሰኞው ሰኞ፣ የማክሰኞው ማክሰኞ ይደረሳል። ዳዊትም በየዕለቱ ተከፋፍሎ ይደገማል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ደግሞ ቁርኣን በ30 ጁዝ የተከፈለ ስለሆነ በረመዳን በቀን አንድ ጁዝ እያሉ በወሩ ያኸትማሉ። የጸሎትን መጽሐፍ ከልብ ወለድ ጋር ማወዳደራችን አይደለም፤ አከፋፈሉን ነው የምንለው። ዳዊት የሚደግም ሰው ድርሻውን ያውቃል፣ ሰዓቱን ያውቃል፣ ከጎረቤቱ ጋር ስንት ደረስህ አይባባልም።

ስለዚህ ለ2018 ዓ.ም. ካርቶን የለም። በማኅበሩ ገንዘብ ባለ 50 ቅጠል 60 ደብተሮች ገዝተናል። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ይይዛል።

አያያዙን በሚመለከት፣ ከሐምሌ ጀምሮ ሰባት ሰዎች ሆነን ሞክረነዋልና ያየነውን እንናገር። መስከረም 1 ቀን ምንም ቁጥር አትጻፉ። እስከ መስከረም 7 በሚመቻችሁ ሰዓት አንብቡና ከስንተኛው እስከ ስንተኛው ገጽ እንደ ሆነ ብቻ መዝግቡ። በስምንተኛው ቀን ደምራችሁ ለሰባት አካፍሉት። የሚገኘው የእናንተ ልክ ነው፤ ከዚያ ላይ ጥቂት ቀንሱ እንጂ አትጨምሩበት። «እንግዳ በሚበዛበት የእንቁጣጣሽ ሳምንት ምን ይነበባል?» ያለን ሰው አለ። እንግዳ ባለበት ሳምንት የተለካ ልክ ነው የሚያዛልቀው።

ሰዓቱን ደግሞ ቀድሞ ከለመዳችሁት ነገር ጋር እሰሩት። እናታችን ከእራት ጋር አስረውታል። እንጀራ የሚጋግሩ አንዲት እኅታችን ምጣዱ እስኪሰማ ድረስ ያነባሉ፤ መጽሐፋቸው ጠርዙ ላይ ሊጥ አለበት። (ያዋሳቸው ሰው ይህን ሲሰማ ብዙ ደስ አላለውም።) የታክሲ ሰልፍም አለ። እኛ ያልተሳካልን «ጊዜ ሳገኝ» ያልነው ብቻ ነው።

ዓመቱም ራሱ እኩል አይደለም። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ሰኔ ልጆች ያሏቸው ሰዎች በፈተና የሚያዙበት ነው፤ ነጋዴ የገናንና የፋሲካን ዋዜማ ያውቀዋል። አሥራ ሁለቱን ወር አንድ አድርጎ የሚያቅድ ሰው ጥርን ረስቷታል። ለጥር ግማሹን አስቡ። ጳጉሜንን ባዶ ተዉአት፤ በ2018 አምስት ቀን ናት፣ የቀረ ገጽ ይወራረድባታል።

በደብተሩ ላይ የሚጻፈው ቀኑ፣ ገጹና አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። ዓረፍተ ነገሯ ካነበባችሁት ውስጥ የቀረችባችሁ ናት። የወደዳችሁት ወይም ያናደዳችሁ፣ ያልገባችሁ ቃልም ቢሆን ይሁን። መጀመሪያ ላይ ይህ ለሰነፍ ተማሪ የሚሰጥ የቤት ሥራ መስሎን ነበር። አሁን ግን የሐምሌውን ገጽ ስንገልጥ ቁጥሩ ምንም አይነግረን፣ ዓረፍተ ነገሯ ግን መጽሐፉን መልሳ ታመጣዋለች። ያላነበባችሁበትን ቀን አትዝለሉት፤ «ባዶ» ብላችሁ ጻፉ። ከሰባታችን አንዱ ነሐሴን ሲገመግም ባዶዎቹ ሁሉ ቅዳሜና እሑድ ላይ መሆናቸውን አየ። የእንግሊዝ ኳስ ተጀምሮ ነበር። ኳሱን አልተወም፤ የሁለቱን ቀን ገጽ ወደ ሐሙስና ዓርብ አዛወረው። «ባዶ» ብሎ ባይጽፍ ኖሮ ራሱን ሰነፍ ብሎ ይተወው ነበር።

በሦስት ነገሮች በመካከላችን ስምምነት አልነበረም፤ ይህንም ልታውቁት ይገባል። አንደኛው መጽሐፍ ጀምሮ ስለ መተው ነው። ሊቀ መንበራችን የተጀመረ ሁሉ ያልቃል ባይ ናቸው። አብዛኞቻችን ግን ሃምሳ ገጽ ታግሶ ያልሆነለት ሰው «ተውሁት» ብሎ፣ ምክንያቱንም ጽፎ፣ ሌላ ቢያነሣ ይሻላል ብለናል፤ አንድ የማይወዱት መጽሐፍ ትራስጌ ተቀምጦ ሦስት ወር ሲበላ አይተናል። ሁለተኛው ስለ ማዳመጥ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከሬዲዮ የሰሙ ሰዎች ታሪኩን ካነበብነው አስበልጠው ያውቁታል። ስለዚህ ማዳመጥም ይመዝገብ፣ ግን በደብተሩ የኋላ ገጽ፣ በደቂቃ። ዓይናቸው ለደከመ ግን የፊትና የኋላ ገጽ የለም፤ የሰሙት ያነበቡት ነው። ሦስተኛው በስልክ ስለ ማንበብ ነው። ንባብ ነው፤ በዚህ ተስማምተናል። ነገር ግን በቴሌግራም በነጻ የሚዞረው አዲስ መጽሐፍ ደራሲው አንድ ሳንቲም ያላገኘበት መሆኑን ሳናነሣ ማለፍ አልፈለግንም። ከሰው ጓሮ ጎመን የሚቆርጥ ሰው ብንይዝ ዝም አንልም።

መጽሐፍ መወደዱን እናውቃለን። በየቤቱ ስንዞር ከሁሉ በላይ የሰማነው እርሱን ነው። መግዛት ለማይችል ሰው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር የምንለው፣ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ተከፍቷል። ማታ ደክሞት ለሚገባ ሰው ግን እነዚህ ሩቅ ናቸው። ስለሆነም የመጽሐፍ ዕቁብ እንዲቋቋም ሐሳብ ቀርቧል። አሥራ ሁለት ሰው ይሆናል፤ እያንዳንዱ አንድ አንድ መጽሐፍ ይገዛል፤ በየወሩ በ30 መጻሕፍቱ እጅ ይለውጣሉ። በዓመቱ መጨረሻ ሰው አንድ ገዝቶ አሥራ ሁለት በእጁ አልፎለታል፤ የራሱም ወደ ራሱ ይመለሳል።

በሐምሌና በነሐሴ በትንሹ ሞክረነዋል፤ ያጋጠመንም የሚጠበቀው ነው። አንድ መጽሐፍ ከአንድ የኮሚቴ አባላችን ቤት ገብቶ አልወጣም። «ትንሽ ቀርቶኛል» ይባላል። ሳምንት አልፎ «ትንሽ ቀርቶኛል»። ከኋላው ያለው ሰው ባዶ እጁን ቆየ፤ ደብተሩ ላይም አሥራ አንድ ቀን ሙሉ «ባዶ፣ መጽሐፉ አልደረሰኝም» ብሎ ጽፎ አሳየን። አፈርን። ስለዚህ የሚከተለው ደንብ ወጥቷል፦ ቀኑ ሲደርስ መጽሐፉ አለቀም አላለቀም ይወጣል። ያላለቀለት ሰው የቀረበትን ገጽ ቁጥር በደብተሩ ይይዝና ዙሩ ሲያልቅ ተውሶ ይጨርሰዋል። ደንቡ ለኮሚቴ አባላትም ይሠራል። የመጀመሪያው ዕቁብ ስምንት ሰው አለው፤ አራት ይጎድላል።

ደብተሮቹ በመውጫው በር ባለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ላይዋ ላይ ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም፤ የወሰደ ሰውም አይመዘገብም። በጳጉሜን 2018 ዓ.ም. ደብተርህን አሳይ፣ ስንት አነበብሽ የሚል ሰው አይኖርም። ደስ ያለው ሰው ከደብተሩ አንዲት ዓረፍተ ነገር መርጦ እዚህ ቆሞ ያነብልናል። እናታችን ስለ ጉዱ ካሣ የያዙትን እንደሚያነቡ ነግረውናል፤ አባታችንም መልስ አላቸው።

ካርቶኑን አልጣልነውም። ደርቋል፤ ጀርባው ደህና ስለሆነ የውኃ ፈረቃ ተጽፎበት ነገ ይለጠፋል። እስክሪብቶ ግን ከየቤታችሁ ነው፤ አምና በክር አስረን ያንጠለጠልናቸው ቀይ እስክሪብቶዎች ከነክራቸው ሄደዋል። አሁን ሻዩ ደርሷል።